ጥቅምት 30ን እምቢ ያለኝ ጉግል ሺትስ፣ እስቲ አንድ በሉኝ

ሰላም ወገኖች። አራት ኪሎ ነው ያለሁት። ጡረታ ወጥቻለሁ፣ የእድራችን ጸሐፊ ነኝ፣ መዝገቡን ከደብተር ወደ ጉግል ሺትስ፣ ማለትም ወደ ጉግል የሠንጠረዥ መተግበሪያ፣ እያዛወርኩ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ በካርቦን ወረቀት ደረሰኝ ስቆርጥ ኖሬ፣ ዛሬ ድምሩ ራሱ ሲወጣ ሳይ ደስ ይለኛል፣ ምን እደብቃለሁ።

የተቸገርኩት በቀኑ ነው። 30/2/2017 ብዬ ስጽፍ፣ ሺትሱ የሚያስበው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን አያውቅም፣ እንደ ተራ ጽሑፍ ይይዘዋል፤ ኅዳር 1ን ግን ማርች 1 ነው ብሎ ይቀበላል፣ ከዚያ በቀን ደርድር ስለው ጥቅምት 30 የከፈሉት ሁሉ ከመጨረሻው ረድፍ ሥር ይወርዳሉ። ጳጉሜማ አይነሳ! 13ኛ ወር ከየት ያምጣ።

የልጅ ልጄ «አባባ፣ በፈረንጅ ይጻፉት በቃ» ይለኛል። እሺ፣ ግን እድርተኛውን የኖቬምበር መዋጮ አልከፈልክም ልበለው?

አሁን ያሰብኩት ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት ዓምድ ለያይቶ መጻፍ ነው፤ ወይም ዓመቱን አስቀድሞ 20170230 ብሎ እንደ ቁጥር ማስገባት። የሞከረ አለ? የትኛው ይሻላል፣ በተለይ ውዝፍ ያለበትን ሰው ለይቶ ለማውጣት? የምሠራው በስልክ ስለሆነ የቱን እንደምነካ ጭምር ቀስ ብላችሁ ጻፉልኝ።