ቮልሷ ላይ የነፋሁት ቀለም የብርቱካን ልጣጭ መሰለ፤ ልጣላት ወይስ ትድናለች?

ጀማሪው 24
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የታሚያን (የጃፓኑን ሞዴል አምራች) የፕላስቲክ ሞዴል ቮልስ፣ ከእውነተኛዋ 24 ጊዜ የምታንሰውን (1/24) የ1966ቷን 1300፣ እየገጣጠምኩ ነው። ሞተሩና ሻንሲው ያለ ችግር ሄዱ። ያቃተኝ ቦዲው ነው።

የተጠቀምኩት ከመኪና መለዋወጫ ሱቅ የተገዛ 400 ሚሊ ሊትር ነጭ የሚነፋ ቀለም ነው። ፕራይመር፣ ማለትም ቀለሙ እንዲይዝ አስቀድሞ የሚነፋው፣ የለውም፤ በቀጥታ ፕላስቲኩ ላይ፣ አንድ ክንድ ከሚያህል ርቀት፣ ሁለት ጊዜ ነፋሁ። ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ጣሪያዋ የብርቱካን ልጣጭ መስሏል። የሞተሩ ክዳን ላይ ደግሞ ቀለሙ እንደ ደረቀ ጭቃ በቀጫጭኑ ተሰነጣጥቋል። በበሩ እጀታ አካባቢ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ጉድጓዶች አሉ፤ ቀለሙ ከነሱ የሸሸ ይመስላል። ይባስ ብሎ የፊት መስታወቷን በሱፐር ግሉ ብለጥፈው ዳር ዳሩን ጉም ለበሰ።

ሐሳቤ እንደ ታክሲዎቻችን ከታች ሰማያዊ፣ ከላይ ነጭ ላደርጋት ነበር። አሁን ግን ቀለሙን አንስቼ ልጀምር ወይስ ልተዋት? ካነሳሁስ በምን? «በቲነር እጠባት» ያለኝ አለ።

ፒንሳ
በመጀመሪያ ቲነሩን ከጠረጴዛው ላይ አንሳልኝ። የመኪና ቲነር ቀለሙን ሳይሆን ቮልሷን ነው የሚያጥበው። ቦዲው ፖሊስታይሪን ነው፤ ቲነር ውስጥ ያሉት አሴቶንና ቶሉይን ደግሞ ፖሊስታይሪንን እንደ ስኳር ያሟሙታል። ቤንዚንም እንደዚያው ነው፣ አትሞክረው።

ልትጥላት አይገባም። ሻንሲና ሞተር ያለ ችግር የጨረሰ ሰው ከባዱን አልፏል፤ ቀለም ደግሞ በዚህ ሥራ ውስጥ ወደ ኋላ መመለስ የሚቻልበት ደረጃ ነው። ተቆርጦ የተበላሸ ክፍል አይመለስም፣ ቀለም ይመለሳል።

የዘረዘርካቸው ግን አንድ በሽታ አይደሉም። ሦስት ናቸው፣ መድኃኒታቸውም ይለያያል።

የጣሪያው ብርቱካን ልጣጭ የርቀት ጉዳይ ነው። አንድ ክንድ ወደ 50 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። ከዚያ ርቀት ሲነፋ ጠብታው አየር ላይ ግማሽ ደርቆ ይደርስና ከጎኑ ካለው ጠብታ ጋር ሳይዋሃድ ጉብ ብሎ ይቀራል። አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው፣ በበጋ ሲደርቅ ይብሳል፣ ቲነሩ ቶሎ ይተናል። ስለዚህ ቆርቆሮው ላይ ከተጻፈው ርቀት የቅርቡን ጫፍ ያዝ። ለ400 ሚሊዎቹ 20 ሴንቲ፣ ለታሚያ 100 ሚሊ ቆርቆሮዎች 15 ሴንቲ ያህል ጥሩ ነው።

ጉድጓዶቹ ቅባት ናቸው። ፋብሪካው ፕላስቲኩ ከቅርጹ በቀላሉ እንዲወጣ የሚቀባው ነገር አለ፤ የጣት ወዝም ይጨመርበታል። ቀለም ቅባት ላይ አይቆምም፣ ይሸሻል። በር እጀታ አካባቢ የሆነውም ቦዲውን ስትገጣጥም የያዝከው እዚያ ስለሆነ ይመስለኛል።

ስንጥቁ ነው ክፉው። ጠንካራው የመኪና ቀለም ያለ ፕራይመር ፕላስቲኩን ራሱን በልቶታል። ቀለሙን ብታነሳም ስንጥቁ ፕላስቲኩ ላይ ይጠብቅሃል። እዚያ ቦታ ላይ በ800 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት እርጥብ አድርገህ ታስተካክላለህ፤ ጥልቅ ከሆነ ቀጭን የሞዴል ስቱኮ ገብቶበት እንደገና ይፈገፈጋል።

ጣሪያው ብቻ ቢሆን ኖሮ በ1500 ፈግፍገህ ቀጥል እልህ ነበር። ሦስቱ አንድ ላይ ከሆኑ ግን ቀለሙን ማንሳት ይሻላል። በዚህ ልኬት የቀለም ውፍረት ቀልድ አይደለም፤ 0.1 ሚሊ ሜትር ቀለም በትልቋ ቮልስ ቢሰላ 2.4 ሚሊ ሜትር ነው። ሦስት ጊዜ ተጋጭታ ስቱኮ የጠጣች ቮልስ ማለት ነው።

ቀለም በሊታ
ፒንሳ ያለው እንዳለ ነው። እኔ ማንሳቱን ልጨምር።

መጀመሪያ መስታወቱን፣ ክሮም የተነከረውን ሁሉና ጎማዎቹን አውጣ። ከዚያ አይሶፕሮፒል አልኮል ያስፈልግሃል፤ 90 በመቶና ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ለእጅ የሚሸጠው 70 በመቶ ውሃው ስለሚበዛ አቅም ያንሰዋል። ክዳን ያለው የምግብ ዕቃ ውሰድ፤ ቮልሷ 17 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለምትረዝም ጠባቡ አይበቃትም። ቦዲው እስኪሰጥም ሙላና ዝጋው። በየሁለት ሰዓቱ እያየህ እስከ 24 ሰዓት ተወው። ቀለሙ ሲኮማተር በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈግፍገው፤ የመስኮቶቹን ቀጫጭን ምሰሶዎች ከውስጥ በጣትህ ደግፈህ ብቻ። የቮልስ የፊት ምሰሶ ሲሰበር ድምፁ ራሱ ያማል።

ከቦዲው በፊት ግን ፍሬሙን ሞክር። ክፍሎቹ ተያይዘውበት ከመጡት ፍሬም ቁራጭ ወስደህ በዚያው ቆርቆሮ ቀለም ንፋ፤ ሲደርቅ አልኮሉ ውስጥ ክተተው። ፕላስቲኩ ካልለሰለሰና ቀለሙ ከለቀቀ ቦዲው ይግባ።

አንዳንድ የመኪና ቀለም ለአልኮል አይበገርም። ያኔ የፍሬን ዘይት፣ ዶት 3 ወይም ዶት 4። ይህም አስቀድሞ ፍሬም ላይ ተሞክሮ፣ ጓንት ተደርጎ። ጠረጴዛ ላይ ከፈሰሰ የጠረጴዛውንም ቀለም ይዞት ይሄዳል። የተጠቀምክበትን ፍሳሽ ውስጥ አትድፋው፤ ጠርሙስ ውስጥ መልሰህ የተቃጠለ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ስጠው። ከዚያ ቦዲውን በዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና ለብ ባለ ውሃ ሁለት ጊዜ እጠብ። የፍሬን ዘይት ትንሽ ከቀረ ያው የጉድጓዱ በሽታ ይመለሳል።

ውሃው ፈልቶ አይሁን፣ ማድረቂያውም ፀሐይ አይሁን። ጣሪያዋ ከተጣመመ የሚመልሳት የለም።

የቀለሙ ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። የበሮቹንና የክዳኖቹን መስመር በመርፌ ጫፍ ወይም በቢላ ጀርባ ቀስ ብለህ ሁለት ሦስቴ አጥልቀው፤ ፕራይመርና ቀለም ሲደራረቡበት ይሞላል፣ በኋላ ጥቁር መስመር ላውጣበት ብትል የሚይዝ ቦታ አታገኝም። ቀጥሎ ማጠብ። ከዚያ በጓንት ብቻ መያዝ። የውሃ ጠርሙስ ውስጥ ጠጠር ጨምረህ ቦዲውን ከውስጥ በተጠቀለለ ቴፕ አናቱ ላይ አጣብቀው፣ መያዣ ይሆንሃል።

ቆርቆሮውን ሁለት ደቂቃ ነቅንቅ። 40 ዲግሪ አካባቢ ባለ ውሃ ውስጥ፣ ማለትም እጅህ የሚችለው ሙቀት ውስጥ፣ ለአምስት ደቂቃ አቁመው። ግፊቱ ይጨምራል፣ ጠብታው ይደቅቃል። ምድጃ ላይ ማስቀመጥ ግን ቦምብ መሥራት ነው። ካወጣኸው በኋላ በጨርቅ አድርቀው፤ ከቆርቆሮው የሚንጠባጠብ ውሃ ብዙ ቦዲ አበላሽቷል።

መንፋት የምትጀምረው ከቦዲው ውጭ ነው፣ የምትጨርሰውም ከቦዲው ውጭ። እጅህ ቦዲው ላይ ቆሞ ቁልፉን ከተጫነ እዚያ ቦታ ይንጠፈጠፋል። የመጀመሪያው ዙር ጭጋግ ብቻ ይሁን፣ ፕላስቲኩ ከሥር እየታየ። 10 ደቂቃ። ሁለተኛውም ጭጋግ። 15 ደቂቃ። ሦስተኛው እርጥብ፤ መብራት ሲያርፍበት እንደ መስታወት ያብለጨልጭ። ካስፈለገ አራተኛ። እርጥቡ ዙር ላይ ሰው ይፈራና ይርቃል፣ ብርቱካኑ የሚመለሰውም ያኔ ነው። ድፍረቱን ቦዲው ላይ ከመጀመር ነጭ የፕላስቲክ ማንኪያ ጀርባ ላይ ተለማመድ። ቅርጹ ከቮልስ ጣሪያ ጋር አንድ ነው፣ ዋጋውም ሳንቲም።

ክረምት ከሆነ ዝናቡ እስኪያባራ ጠብቅ። እርጥበት ባለበት አየር የተነፋ ቀለም ላዩ ነጭ ጉም ይለብሳል። በበጋ ደግሞ ጠላትህ አቧራ ነው፤ ወለሉን ውሃ ርጭ፣ ነፍተህ እንደጨረስክ ሰፊ ካርቶን ድፋበት። ከሰልና ምድጃ አጠገብ አትንፋ። የሐኪም ማስክ የቀለም ትነትን አያግድም፤ የካርቦን ማጣሪያ ያለው ማስክ ወይም ሰፊ ግቢ።

ጋራዥ ጥግ
ስለ መስታወቱ ባጭሩ። ሱፐር ግሉ ሲደርቅ ትነቱ ጥርት ባለው ፕላስቲክ ላይ አርፎ ይነጣል። ስለዚህ መስታወት በሱፐር ግሉ አይለጠፍም፣ መቼም። ነጭ የእንጨት ኮላ በጥርስ መፈልፈያ ጫፍ ጠርዙ ላይ ይቀባል፤ ሲደርቅ ጥርት ይላል፣ ካልተመቸህም በእርጥብ ጨርቅ ይነሳል።

አሁን የተለጠፈውን ለማላቀቅ ቦዲውን ፍሪዘር ውስጥ አንድ ሰዓት አስገባው። ሱፐር ግሉ ሲቀዘቅዝ ይሰባበራል፤ ከውስጥ ወደ ውጭ ቀስ ብለህ ጫነው። ጉሙ ላይ ላዩን ብቻ ከሆነ ጄል ያልሆነ ነጭ የጥርስ ሳሙና በጥጥ አድርገህ ብታሸው ይለቃል። ጠለቅ ካለ በ2000፣ ቀጥሎ በ3000 እርጥብ ወረቀት፣ ከዚያ የመኪና ፖሊሽ። መሃል ላይ የባሰ ጉም ለብሶ ታየዋለህ፤ አትደንግጥ፣ ፖሊሹ ላይ ይጠራል።

ጀማሪው 24
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቁራጭ ፍሬም ነፍቼ አስቀምጫለሁ፣ ነገ አልኮል ይገባል። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። የአክስቴ ልጅ ከዋሽንግተን በሚቀጥለው ወር ይመጣል፤ የታሚያ ቆርቆሮ ቀለምና ቀጭኑን ማጣበቂያ በሻንጣ ያምጣልኝ? ሁለተኛ፣ የሰማያዊና ነጩ ድንበር እንዴት ቀጥ ይላል?

ፒንሳ
አያምጣ። የሚነፋ ቀለምም ማጣበቂያውም ተቀጣጣይ ስለሆኑ በመንገደኛ ሻንጣ አይፈቀዱም፤ በእጅም፣ በሚጫነውም። ልጁን ኤርፖርት ላይ ታስቆመዋለህ። ማምጣት የሚችለውን ልንገርህ፦ የሞዴል ቴፕ 6 እና 10 ሚሊ ሜትር፣ ከ1000 እስከ 3000 ቁጥር የመፈግፈጊያ ወረቀት፣ ተለጣፊ የክሮም ፎይል፣ ጥሩ ትሮንኬዝ። ቢላና ትሮንኬዙን በሚጫነው ሻንጣ ያድርገው። ለውስጧ ክፍል ደግሞ እንደ ቫሌሆ ያሉ በውሃ የሚቀጥኑ ቀለሞች አሉ፤ የማይቀጣጠሉ ስለሆኑ ችግር የለባቸውም። በብሩሽ ሲቀቡ ሁለት እጅ ቀለም በአንድ እጅ ውሃ፣ ሦስት ስስ ዙር። ቦዲውን ግን በብሩሽ አትሞክር፣ ቮልስ ሁለመናዋ ክብ ስለሆነ የብሩሽ መንገድ አይደበቅባትም።

ማጣበቂያ ካለቀብህ፣ መጀመሪያ ያባረርኩት ቲነር እዚህ ይጠቅማል። ሁለቱን ክፍሎች አገጣጥመህ በቀጭን ብሩሽ ጠብታ ብቻ መጋጠሚያው ላይ ስትነካው ራሱ ስቦ ይገባና ፕላስቲኩን አሟሙቶ ያዋህደዋል። የማይታይ ቦታ ላይ፣ ፍሬም ላይ ከተሞከረ በኋላ።

ቀለም በሊታ
ድንበሩ። ነጩ ይቅደም፣ ሰማያዊው ይከተል፤ ጠቆር ያለውን ቀለም በነጭ ለመሸፈን ብዙ ዙር ይፈጃል። ነጩን ሁለት ሙሉ ቀን አድርቅ። ወገቧ ላይ በበሩ በኩል የሚያልፈው የክሮም መስመር አለ፣ ድንበሩን እሱ ላይ አድርገው፤ ትንሽ ቢዛነፍ ፎይሉ ይደብቅልሃል። መጀመሪያ 2 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ስስ ቴፕ ብቻ አስይዝ፣ ኩርባውን የሚታጠፍልህ እሱ ነው። ሰፊው ቴፕና ወረቀት ከላዩ ይመጣል። ጠርዙን በጥፍር ሳይሆን በጥርስ መፈልፈያ ጠፍጣፋ ጎን ጫን ጫን አድርገው።

ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር ቀጥሎ ነው። ከሰማያዊው በፊት የቴፑን ጠርዝ እንደገና በነጭ በስሱ ንፋው። ሊሰርግ ያለው ነጩ ይሰርግና ቀዳዳውን ይደፍናል፤ ነጭ ነጭ ላይ ስለሆነ አይታይም። ከዚያ የሚመጣው ሰማያዊ የሚገባበት የለውም። ሰማያዊው ሲነፋም ቆርቆሮው ከቴፑ በኩል ወደ ሰማያዊው ያመልክት፣ በተቃራኒው ከሆነ ከቴፑ ሥር ይገፋዋል። የመጨረሻው ዙር ካለቀ ከ20 ደቂቃ በኋላ ቴፑን ወደ ራሱ አጥፈህ በዝግታ ሳብ። ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ከጠበቅህ ጠርዙ ይሸራረፋል።

ክሊር፣ ማለትም ከቀለሙ በላይ የሚነፋውን ቀለም አልባ ንብርብር፣ የምትነፋ ከሆነ ተለጣፊዎቹ ላይ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች ጭጋግ ይሁኑ፤ እርጥብ ክሊር ተለጣፊውን ያኮማትራል። በክሮም እስክሪብቶ የምትቀባቸው ቦታዎች ካሉ ከክሊሩ በኋላ ይሁኑ፣ ክሊር ካረፈባቸው ግራጫ ይሆናሉ።

ጋራዥ ጥግ
አንድ ልጨምር፦ ክሊሩን ሳምንት ሳይሞላው በወረቀት እንዳትነካው። ስትፈገፍግ የፓራፋንጎውንና የበሩን ጠርዝ ዝለል፤ ጠርዝ ላይ ቀለም ሁልጊዜ ስስ ነው፣ አንድ ሁለቴ ሲነካ ፕላስቲኩ ብቅ ይላል። ጠርዙን በቴፕ ሸፍኖ መሃሉን መፈግፈግ ይቻላል። የፍሬሙ ሙከራ ነገ ምን እንዳሳየ ፎቶ ለጥፍልን፤ የስንጥቁንም በቅርብ አንሳው፣ ስቱኮ ይፈልግ አይፈልግ ከፎቶው ይታወቃል።