ውሻዬ የጀርባ ዲስክ ተንሸራቶበታል፤ ቤት ውስጥ እንዴት ልያዘው?

የቡቺ እናት (አዲስ አበባ)፦
ሰላም ቤተሰቦች። ቡቺ ዳክስሁንድ (ጀርባው ረጅም፣ እግሩ አጭር የሆነ የውሻ ዝርያ) ነው፣ 6 ዓመቱ። ሰሞኑን ሲያቅፉት ይጮህ ጀመር፣ አሁን ደግሞ ከኋላ ይንገዳገዳል። ሐኪሙ «የአከርካሪ ዲስክ ነው» ብሎ ዴክሳሜታዞን (እብጠት የሚቀንስ ስቴሮይድ) ወጋውና «እንዳይንቀሳቀስ» አለን። ወለላችን ሴራሚክ ነው፣ ትንንሽ ልጆች አሉ፣ እሱ ደግሞ በር በተንኳኳ ቁጥር ካልሮጥኩ ይላል። እንዴት ላስቀምጠው? ሲያመው ዳይክሎፌናክ ብሰጠውስ? እናቴ ወጌሻ ይየው እያለች ነው።

የእንስሳት ሐኪም (ቢሾፍቱ)፦
እህቴ፣ ዳይክሎፌናኩን በፍጹም አትስጪው። እሱም ሆነ አይቡፕሮፌን የውሻን ጨጓራ ያቆስላል፣ ኩላሊቱን ይጎዳል። ዴክሳሜታዞን ላይ ሲደረብማ ጨጓራው እስከመበሳት ሊደርስ ይችላል። ለማስታገሻ ሐኪምሽን ስለ ጋባፔንቲን ጠይቂው፤ ዛይሊቶል (በስኳር ፋንታ የሚገባ ማጣፈጫ) ያለበት ሽሮፕ ግን ለውሻ መርዝ ስለሆነ ካፕሱሉ ይሻላል።
ወጌሻውም ይቅር። ዲስኩ ሕብለ ሰረሰሩን ተጭኖታል፤ ጀርባውን ማሸትና መሳብ የባሰውን ያመጣል። እናትሽ ስለሚያዝኑለት ነው፣ ይህንን አስረጃቸው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
የኔ እህት አይዞሽ፣ የኛም ውሻ አልፎበታል። ኬጅ ያስፈልግሻል፤ ቆሞ ለመዞርና ለመተኛት የሚበቃ፣ ለመራመድ የማይበቃ፣ ከላይም የተዘጋ። ኬጅ ካጣሽ አናጢ በጣውላና በሽቦ ይሠራልሻል። ቢያንስ ከ4 እስከ 6 ሳምንት እዚያው ነው። ሳሎን አድርጊው፣ ብቻውን ከሆነ ያለቅሳል። ልጆቹ አጠገቡ ይቀመጡ እንጂ አያውጡት።
ስታነሺው አንድ ክንድሽ ከደረቱ ሥር፣ ሌላው ከዳሌው ሥር ይሁን፤ ጀርባው ቀጥ ይበል። በብብቱ ይዘሽ አታንጠልጥዪው። ለሽንት ተሸክመሽ ሣሩ ላይ አውርጂው፣ ፎጣ ወይም የታጠፈ ነጠላ በሆዱ ሥር አሳልፈሽ የኋላውን ደግፊለት። በአንገቱ አትጎትቺው፣ የደረት ማሰሪያ ይሻላል። ደግሞ ሕመሙ ሲቀለው የዳነ ይመስላል፤ ብዙ ሰው የሚለቀውና ሕመሙ የሚያገረሸው ያኔ ነው።

የቡቺ እናት፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግን ዛሬ ጠዋት ጭራሽ መቆም አቃተው፣ አልጋውም ረጥቧል። ሽንቱን መሽናቱ ጥሩ ምልክት ነው?

የእንስሳት ሐኪም (ቢሾፍቱ)፦
አይደለም፤ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ውሰጂው፣ ነገ አትበዪ። ፊኛው ሞልቶ እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል። እዚያ የኋላ እግር ጣቱን ጠበቅ አድርገው ሲቆነጥጡት ተመልከቺ። እግሩን መሳቡ ብቻ ስሜት አለው አያሰኝም፣ ያ ከሕብለ ሰረሰሩ በራሱ የሚመጣ ነው። ዞሮ ካየ ወይም ከጮኸ ስሜቱ አለ። ከጠፋ ግን ሰዓት ይቆጠራል፤ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለትም የመራመድ ዕድሉ ግማሽ ያህል ነው፣ ሲዘገይ ደግሞ ይቀንሳል።

የቡቺ እናት፦
ደርሰን መጣን። ሲቆነጥጡት ዞሮ ሊነክስ ቃጣ፣ ስሜቱ አለ፤ ተመስገን! ነገ ለቀዶ ሕክምና ሌላ ሐኪም ያየዋል። እስከዚያ ሽንቱን በእጄ እንዳስወጣ አሳይተውኛል፣ ግን እፈራለሁ።

ከሪሾን ለጽዮን፦
መፍራትሽ ደግ ነው፣ በጉልበት አይሠራም። በጎኑ አስተኝተሽ መዳፍሽን ከኋላ እግሩ ፊት፣ ሆዱ ላይ አድርጊ። ፊኛው እንደ ትንሽ ብርቱካን ይዳሰሳል። ቀስ ብለሽ ጫና ጨምሪና ወደ ጭራው አቅጣጫ ያዢ፤ ሲፈስ እጅሽን አታንሺ፣ ቀጭን ሆኖ እስኪቆም ጠብቂ። ሆዱን ካጠነከረ ተዪውና ትንፋሹ ሲረጋ ድገሚ። በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ፣ ማታ ከመተኛትሽ በፊት ጭምር። ሽንቱ ከሸተተ፣ ደም ከታየበት ወይም አልወጣ ካለ ለሐኪሙ ደውዪ። ከዚያ ሆዱንና ጭኑን በለብ ያለ ውኃ አጥበሽ በደንብ አድርቂ፤ እርጥብ ቆዳ ቶሎ ይቆስላል። በየ4 ሰዓቱም ጎኑን ቀይሪለት፣ ፍራሹም ወፍራም ይሁን።