ማፍያዬ ኖራ ለበሰ፣ ቦይለሩም ይንጣጣል፤ ምን ላድርግ?

አዲስ ተከራይ፦
ሰላም የአዳማ ልጆች። ፍራንኮ አካባቢ ቤት ከተከራየሁ አምስት ወር ሆነኝ። ግቢው ሮቶ አለው። ቧንቧ ሲመጣ በቧንቧ ይሞላል፣ ሲጠፋ ደግሞ አከራዬ ከጎረቤት የጉድጓድ ውሃ ይስባሉ። አሁን ሦስት ነገር አስመርሮኛል። የኤሌክትሪክ ማፍያዬ ውስጡ ነጭ ቅርፊት ይዞ ስባሪው ሻዬ ላይ ይንሳፈፋል። የሻወሩ ቦይለር ሲሞቅ ፈንዲሻ እንደሚፈነዳ ይንጣጣል፣ ውሃውም እንደ በፊቱ ቶሎ አይሞቅም። ልብስ ማጠቢያ ማሽኔ ደግሞ ውሃ እስኪሞላ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። በዕቁብ ነው የገዛሁት፣ እንዳይሞትብኝ። ጥፋቱ ሁሉ የውሃው ነው? ፊልተር ልግዛ?

ችኩሉ፦
ምን ያስጨንቃል፣ ሽንት ቤት የሚጸዳበትን አሲድ ትንሽ ጠብ አድርጊበት፣ አለቀ።

የቧንቧ ሰው፦
ኧረ ተው ወንድሜ! ያ አሲድ የማይዝገውን ብረት እንኳ ይበላል፣ ጭሱም ጉሮሮ ያቃጥላል። ደግሞ ሻይ የሚፈላበት ዕቃ ነው እኮ። እህቴ፣ አቼቶ ይበቃሻል። ግማሽ አቼቶ ግማሽ ውሃ አድርገሽ ቅርፊቱ እስኪሸፈን ሙዪው፣ አሙቂና አጥፍተሽ አንድ ሰዓት ተዪው። ሲትሪክ አሲድ ዱቄት ካገኘሽ ደግሞ ሽታም የለውም፣ ለአንድ ሊትር ሁለት የሾርባ ማንኪያ። ከዚያ ንጹህ ውሃ ሁለቴ አፍልተሽ ድፊው። አቼቶና በረኪና ግን በፍጹም እንዳይገናኙ፣ መርዘኛ ጋዝ ይወጣቸዋል።

እማማ ቡና፦
ልጄ፣ አቼቶ ካጣሽ ሎሚም ያደርገዋል፣ ጨምቀሽ ከነልጣጩ አፍዪበት። ጀበናሽን ግን አቼቶ እንዳታስነኪው። ሸክላ ሽታ ይይዛል፣ ቡናሽ ሰላጣ ሰላጣ ይልብሻል።

ኬሚስትሪ አስተማሪው፦
መጀመሪያ ነገሩ ኖራ መሆኑን አረጋግጪ። ቅርፊቱን ንጹህ ውሃ ውስጥ ጨምሪው። ከሟሟ የሶዲየም ጨው ነው፣ በስምጥ ሸለቆ ጉድጓዶች እሱ ብዙ ነው። ካልሟሟና አቼቶ ሲነካው አረፋ ካወጣ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፣ ያው የኖራ ድንጋይ ማለት ነው። አቼቶም ካልበገረው ሲሊካ፣ ማለትም የአሸዋ ማዕድን፣ ሊሆን ይችላል፣ የእሳተ ገሞራ አፈር ያለበት አገር ውሃ እሱንም ይይዛል።

ኖራ ከሆነ ጨዋታው ሙቀት ላይ ነው። ካልሲየሙ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሟሙቶ ስለሚኖር አይታይም። ውሃው ሲሞቅ፣ በተለይ ከ60 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣና ኖራው በጣም የሞቀው ቦታ ላይ ይለጠፋል። ለዚህ ነው ባልዲሽ ደህና ሆኖ ማፍያሽ የታመመው።

ፊልተሩን በተመለከተ፣ በየሱቁ ያለው የሸክላ ፊልተር ደለልና ጀርም ይይዛል እንጂ የሟሟ ካልሲየም አያወጣም። ብርሽን አትጨርሺ። አንድ ነገር ግን ልጨምር። ማፍያው ጸዳ ማለት የምትጠጪው ውሃ ደህና ነው ማለት አይደለም። ወንጂ አካባቢ ፍሎራይድ የሚባለው ውሃ ውስጥ የሚሟሟ ማዕድን የስንቱን ጥርስ እንዳበላሸ ሁላችንም እናውቃለን። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ፍሎራይድ ቀለምም ጣዕምም የለውም፣ ማፍላትም አይቀንሰውም፣ እንዲያውም ውሃው ሲተን ይከማቻል። ልጆች ካሉ የጉድጓዱን ውሃ ላቦራቶሪ ሳታስለኩ አትጠጡ።

የቧንቧ ሰው፦
መምህር ልክ ነው። ወደ ቦይለሩ ልምጣ። ሬዚስታንሱ፣ ማለትም ውሃውን የሚያሞቀው ብረት፣ ኖራ ሲለብስ ከሥሩ የተያዘው ውሃ እዚያው ይፈላል፣ ያ ነው የሚንጣጣው። ሙቀቱ ወደ ውሃው አልሄድ ስለሚል ሬዚስታንሱ ራሱን አቃጥሎ ያርፋል። ብሬከሩን አጥፉ፣ ውሃውን ዝጉና ቦይለሩን አራግፉ፣ ሬዚስታንሱን አውጥታችሁ አቼቶ ውስጥ አሳድሩት። ሲገጠም ጎማውን ቀይሩ፣ አሮጌው ያንጠባጥባል። ውስጥ ያለችውን የማግኒዚየም ዘንግ አብራችሁ እዩ፣ እሷ የምትከላከለው ዝገትን እንጂ ኖራን አይደለም፣ ተበልታ ካለቀች ግን ጋኑ ራሱ ይበሳል። ሙቀቱን 60 አካባቢ አድርጉት። ውሃ ሳይሞላ መብራት ከሰጣችሁት በደቂቃ ነው የሚቃጠለው። የመብራት መዋዠቅም ስንቱን እንደገደለ እኔ ነኝ የማውቀው፣ ውሃውን ብቻ አትውቀሱት።

ማሽኑ ግን ከኖራው ጋር አይመስለኝም። በቀዝቃዛ ነው የምታጥቢው?

አዲስ ተከራይ፦
አዎ፣ ሁሌም በቀዝቃዛ።

የቧንቧ ሰው፦
እንግዲያው ከኋላ የውሃው ቱቦ የሚገባበት ላይ ትንሽ ወንፊት አለች። ቧንቧውን ዘግተሽ ቱቦውን ፍቺና በፒንሳ ሳቢያት። ቧንቧ ጠፍቶ ሲመለስ ይዞት የሚመጣው ደለል እዚያ ነው የሚቀመጠው።

አዲስ ተከራይ፦
ተመለስኩ። ወንፊቷ በአሸዋ ተደፍናለች፣ የጭቃ ቁራጭ ሁላ ወጣ! አጥቤ መለስኳት፣ አሁን በአራት ደቂቃ ይሞላል። የማፍያው ቅርፊት ውሃ ውስጥ አልሟሟም፣ አቼቶ ሲነካው ግን ተንጨረጨረ፣ ከሁለት ዙር በኋላ ብረቱ ታየ። ቤቱ ሁሉ አቼቶ አቼቶ ይሸታል። አከራዬ ቦይለሩን ቅዳሜ እናስከፍታለን ብለዋል። የጉድጓዱን ውሃ ማስለካት የሚለውን ስነግራቸው ግን ዝም አሉኝ። እስከዚያው የሚጠጣውን ቧንቧ ሲመጣ በጀሪካን ለብቻ እየያዝኩ ነው። የቧንቧ ሰው፣ የቦይለሩን ጎማ ቀድሜ ልግዛ ወይስ ከተከፈተ በኋላ?

የቧንቧ ሰው፦
ከተከፈተ በኋላ። አሮጌውን ይዘሽ ሂጂ፣ መጠኑ ይለያያል።