አጋም ለአጥር ይሆናል?

የእማዬ ጓሮ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ጓሮ አላት። ቆርቆሮ በዚህ ዋጋ አይታሰብም፣ የጭራሮውን አጥር ደግሞ የሰፈር ፍየል እየጣሰ ጎመኗን ጨረሰው። ዙሪያውን አጋም ልተክልላት አስቤያለሁ። ከዘር ነው ከቅርንጫፍ የሚሻለው? ቶሎስ ይደርሳል? ፍሬውም ቢገኝ አልጠላም። ጎረቤታችን «ሥሩን ለቡዳ እያሉ ቆፍረው ይጨርሱብሃል» እያለ ያስቀኛል።

አፈር ወዳድ፦
ይሆናል፣ ግን ቶሎ አትጠብቅ፤ መጀመሪያ ላይ ቀርፋፋ ነው። ቅርንጫፉ በቀላሉ ሥር አይሰድም፣ በዘር ሂድ። በደንብ የጠቆረ ፍሬ ለቅመህ በውሃ እሽት እሽት አድርገህ ዘሩን ለይና ሳይከርም ዝራው። ችግኙን ክረምት ሲገባ ግማሽ ሜትር ያህል እያራራቅክ በሁለት ረድፍ አውርደው። ጫፍ ጫፉን ከረከምከው ከታች ይወፍራል፣ ያኔ ድመትም አያልፍበት። ለጋውን ግን ፍየል ይበላዋልና ጭራሮውን ገና እንዳታነሳው።

ቆላ ያደግኩ፦
ስለ ፍሬው እኔን ጠይቀኝ 😄 ቀይ ሆኖ እንዳትነካው፤ ነጩ ወተት ከንፈርህ ላይ ሙጫ ሆኖ ይቀራል፣ እኛ እረኞች በዛ ነበር የምንታወቀው። ጥቁር ሲል ነው የሚጣፍጠው። አበባው ሲወጣ ደግሞ ሽታው ግቢውን ያውዳል፣ ንቡም አይጠፋም። ሥሩን ለቡዳና ለእባብ የሚያጨሱት አሉ፤ ጎረቤትህ እውነቱን ነው፣ ከመንገድ ዳር ያለውን ጠብቅ!

እሾህ አይቼ፦
አንድ ነገር ልጨምር፣ ቀልድ አይደለም። መረንዝ የሚባለው የአጋም ዘመድ ነው። ቅጠሉ ያብረቀርቃል፣ አበባው ነጭ ነው፣ ፍሬውም ሲበስል ይጠቁራል፣ ላላወቀ ሰው ያው ነው። ግን እሾህ የለውም፣ መርዙም አዳኞች ቀስታቸውን የሚቀቡት ነው። ስለዚህ ከጫካ ፍሬ ስትለቅም መጀመሪያ እሾሁን ፈልግ። ልጆች ካሉ ደግሞ ለይተው እስኪያውቁ ብቻቸውን አትላካቸው።

የእማዬ ጓሮ፦
ኧረ ተባረኩ! በአንድ በኩል የቆየ ቁልቋል አለ፣ ከሱ አስጠግቼ ልትከል ወይስ ይጣላሉ?

አፈር ወዳድ፦
«ከአጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል» ሲባል አልሰማህም? 😂 ያለቅሳል እንጂ አይሞትም፣ ትከል። ስትከረክም ግን የቁልቋሉ ወተት ዓይንህ እንዳይገባ፣ ክፉኛ ነው የሚያቃጥለው።