ሳል የሞላበት የሪኽተር የሶፊያ ቀረጻ ወይስ የጠራ የስቱዲዮ ቅጂ?

ጣና ዳር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ኪቦርድ አስተምራለሁ። ለተማሪዎቼ የሩሲያዊውን የሙዚቃ ደራሲ የሙሶርግስኪን የፒያኖ ሥራ «የኤግዚቢሽን ሥዕሎች» ላሰማ ብዬ የፒያኒስቱን የስቪያቶስላቭ ሪኽተርን ቀረጻ አወረድኩ። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1958 ሶፊያ ውስጥ ሕዝብ ፊት የተጫወተውን ማለቴ ነው። ሰው ሁሉ ያደንቀዋል። እኔ ስሰማው ግን ሳል በሳል ነው። ዝግ ያሉት ክፍሎች ላይማ አዳራሹን በሙሉ ጉንፋን የያዘው ይመስላል። ድምፁ ሞኖ (በአንድ መስመር ብቻ የተቀዳ) ነው፤ የሳቱ ቁልፎችም አሉ። አንዷ ተማሪዬ «ቲቸር፣ እሱም ይሳሳታል እንዴ?» አለችኝ። ንጹሕ የስቱዲዮ ቅጂ ባሰማቸው አይሻልም? ዳታ ውድ ስለሆነ ሁሉንም ማውረድ አልችልም።

የማርቆስ ሰው፦
ወንድሜ፣ እባክህ እንዳታጠፋው! የድሮ የፒያኖ ቀረጻ ማሰባሰብ ከጀመርኩ ቆየሁ፤ ይሄኛውን በምንም አልለውጠውም።

መጀመሪያ «ቢድሎ» የሚለውን ክፍል ክፈት። የበሬ ጋሪው ነው። ሙሶርግስኪ እ.ኤ.አ. በ1874 ሲጽፈው ገና ከመነሻው በኃይል እንዲመታ ነበር ያዘዘው። እሱ ከሞተ በኋላ የሙዚቃ ደራሲው ሪምስኪ ኮርሳኮቭ አርሞ ሲያሳትመው ቀስ ብሎ ጀምሮ እየጎላ የሚመጣ አደረገው። ፈረንሳዊው ራቬልም እ.ኤ.አ. በ1922 ለኦርኬስትራ ሲያዘጋጀው ያንኑ ተከተለ። ሪኽተር ግን ደራሲው እንዳለው ነው የሚመታው። ጋሪው ከሩቅ አይመጣም፤ ገና ሲጀምር አጠገብህ ነው። ግራ እጁን ለይተህ አዳምጥ፤ ክብደቱ ይሰማሃል።

ስለ ሳሉ ደግሞ፣ ፌብሩዋሪ እዚያ አገር ብርዱ የከፋበት ወቅት ነው። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። ሰውዬው ሳሉን ልሸፍን ብሎ ድምፁን ከፍ አላደረገም። ቀስ ማለት ያለበት ቦታ ላይ ቀስ ነው ያለው። ጣቱም የሚስተው ራሱን ሳይቆጥብ ስለሚመታ ነው።

«ይሳሳታል እንዴ?» ላለችህ ተማሪህ የፒያኒስቱን የሆሮዊትዝን አሰማት። ለ12 ዓመት ከመድረክ ርቆ እ.ኤ.አ. ሜይ 9 ቀን 1965 ካርኔጊ አዳራሽ ተመለሰ። ሰው ትኬት ለመግዛት ሌሊቱን ተሰልፎ አድሯል። ቡሶኒ ለፒያኖ ያዘጋጀውን የባኽ ቶካታ (የጣት ቅልጥፍና የሚፈትን ሥራ) ገና ሲጀምር ቁልፍ ሳተ! መጀመሪያ የወጣው ሸክላ ላይ አንዳንዱ ስሕተት ተስተካክሎ ነበር። ያልተነካው እ.ኤ.አ. በ2003 ወጣ። የኔ ምርጫ ያልተነካው ነው። እኛ ጎጃሞች ይሄ ሊከብደን አይገባም። ባለ ቅኔ ለዕለቱ የቆጠረውን ለዕለቱ ይዘርፋል እንጂ የትናንቱን አይደግምም።

የፍኖተ ሰላሟ፦
እኔ ደግሞ በፒያኒስቱ በዲኑ ሊፓቲ ጀምሩ እላለሁ። በጠና ታሞ ነበር። ሐኪሙ ይቅርብህ ቢለውም እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 16 ቀን 1950 ፈረንሳይ፣ ቤዛንሶን ከተማ ተጫወተ። ከ14ቱ የሾፓን ዋልሶች 13ቱን ተጫውቶ ለመጨረሻው አቅም አጣ። ዲሴምበር 2 ቀን ዐረፈ፤ ገና 33 ዓመቱ ነበር። ከዚያ በፊት በጁላይ ጄኔቭ ውስጥ 14ቱንም ቀርጿቸው ነበርና ንጹሕ ለሚፈልግ ያ አለ። የቤዛንሶኑ ላይ ግን ልብ በሉ፤ የባኽን ፓርቲታ (ተከታታይ የዳንስ ቁርጥራጮች) ከመጀመሩ በፊት ቁልፎቹን አንዴ ዳበስ ያደርጋቸዋል። ፒያኖውን እየተዋወቀ ነው። እኔ በየጊዜው የምመለሰው ለዚያች ነው።

ጣና ዳር፦
ተባረኩ! «ቢድሎ»ን አሁን ደግሜ ሰማሁት፤ የግራ እጁ ነገር እውነት ነው። ነገ እሱን አሰማቸዋለሁ። የሊፓቲን ሳወርድ የትኛውን ቅጂ ልምረጥ? ብዙ ዓይነት አለ።

የማርቆስ ሰው፦
«ፍጹም የጸዳ» የሚለውን እለፈው። የቴፑን ሽሽታ ሲያጠፉ ብዙ ጊዜ የፒያኖውንም ድምፅ ጫፍ አብረው ይቆርጡታል። ትንሽ ሽሽታ ያለበትን ውሰድ። በስልክ ስፒከር ሳይሆን በኤርፎን ስማው፤ ለክፍል ደግሞ ከኪቦርዱ ስፒከር ጋር አገናኘው።