ሌ ማን ላይ ማንን ልደግፍ? ምክንያታችሁን ጭምር ንገሩኝ

ጀማሪዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ፎርሙላ ዋን ለዓመታት ሳይ ነው የኖርኩት፣ አሁን ግን ሌ ማንን፣ ያንን ፈረንሳይ ውስጥ 24 ሰዓት ሙሉ የሚሮጠውን የመኪና ውድድር፣ ከመነሻው እስከ መጨረሻው አየዋለሁ ብዬ ቆርጫለሁ። ባለፈው ሞክሬ ሦስት ሰዓት ሳይሞላኝ ተውኩት። ምክንያቱም 62 መኪና አንድ ላይ ነው የሚሮጠው፣ አንዱ ሌላውን ሲያልፈው ለቦታ ይሁን ወይ ዝም ብሎ ፈጣኑ ቀርፋፋውን እያለፈው ይሁን አይለይልኝም፣ መሪው ማን እንደሆነ ገባኝ ስል ደግሞ ጎማ ሊቀይርና ነዳጅ ሊቀዳ ፒት ይገባና ሌላው ይመራል። ኳስም ቢሆን የምደግፈው ከሌለ 90 ደቂቃ አይገፋልኝም እንኳን 24 ሰዓት። ስለዚህ ልቤን የምሰጠው አንድ ቡድን ያስፈልገኛል። ሁሉም ፌራሪ ይሉኛል፣ ግን ከ2023 እስከ 2025 ሦስቴ በተከታታይ ላሸነፈ ቡድን አሁን መጥቶ ማጨብጨቡ ደስ አላለኝም። እናንተ እንዴት መረጣችሁ?

ቀዩ ፈረስ፦

እህቴ ፌራሪን እንደዛ አትይው እባክሽ። ከ1965 እስከ 2023 ድረስ እኮ ሌ ማንን ከሁሉም አንደኛ ወጥቶ አሸንፎ አያውቅም፣ 58 ዓመት ማለት ነው፣ ፈጣኖቹ በሚሮጡበት በዋናው ምድብ ለ50 ዓመት ጭራሽ አልተወዳደረም። ተመልሶ በመጣበት ዓመት፣ ያውም ውድድሩ 100ኛ ዓመቱን በሚያከብርበት ቀን አሸነፈ። አባቶቻችን ያላዩትን ነው ያየነው፣ እኔ በዛን ቀን ያለቀስኩትን አልረሳውም።

ደግሞ አንቺ ከፎርሙላ ዋን ስለመጣሽ ሮበርት ኩቢጻን ታውቂዋለሽ። በ2008 ካናዳ ላይ አሸንፎ፣ በ2011 ራሊ ላይ ተጋጭቶ ቀኝ እጁን ሊያጣ ምንም ያልቀረው ሰው። እሱ ነው በ2025 ቢጫዋን 83 ቁጥር ፌራሪ ይዞ የጨረሰው፣ ከኋላው ያለው 6 ቁጥር ፖርሸ በ14 ሰከንድ ነበር የሚከተለው። 24 ሰዓት ተሮጦ 14 ሰከንድ! ያቺ መኪና ደግሞ ከፋብሪካው ሁለት ቀያይ መኪኖች ውስጥ አይደለችም፣ ኤኤፍ ኮርስ የሚባለው ቡድን ለብቻዋ ያስገባት ናት፣ ቀዮቹን ቀድማ ነው የገባችው። አሸናፊ ስለሆነ ብለሽ ከተውሽው ይሄንን ሁሉ ነው የምትተይው።

የሌሊት ዙር፦

እኔ ቶዮታ ነኝ፣ የመረጥኩበትን ደቂቃ ልነግርሽ እችላለሁ። 2016 ነው። ቶዮታ ያኔ ሌ ማንን አንድም ቀን አሸንፎ አያውቅም፣ 5 ቁጥሩ መኪና 23 ሰዓት ከ50 ምናምን ደቂቃ ሮጦ እየመራ ነው፣ ካዙኪ ናካጂማ ነው የያዘው፣ ጋራዡ ውስጥ ያሉት ሰዎች ተቃቅፈው ቆመዋል። ከዛ መኪናው ኃይል አጣ። በቃ እያየነው ፍጥነቱ ወረደ ወረደ፣ ሊያልቅ ሦስት ደቂቃ ገደማ ሲቀረው ዋናው ቀጥታ መንገድ ላይ፣ እዛው የራሱ ቡድን ፊት ለፊት ቆመ። ፖርሸ አልፎት ሄደ አሸነፈ። ናካጂማ እንደምንም አስነስቶ የመጨረሻውን ዙር ቢጨርስም በጣም ስለዘገየ ውጤት እንኳን አልተሰጠውም፣ 24 ሰዓት ሮጦ ዝርዝሩ ላይ የለም ማለት ነው። ካሜራው ጋራዡን ሲያሳይ ማንም አይንቀሳቀስም ነበር፣ እኔም ከተቀመጥኩበት መነሳት አቃተኝ።

በ2018 ሲያሸንፉ መጨረሻው ላይ መሪውን የያዘው ያው ናካጂማ ነበር። ከዛች ዓመት ጀምሮ እስከ 2022 አምስት ጊዜ ተከታትለው አሸንፈዋል እውነት ነው፣ ግን ለኔ ቶዮታ ማለት ያቺ 2016 ናት። ስለዚህ ምክሬ ምንድነው፣ ማን ያሸንፋል ብለሽ አትምረጪ፣ ማን ሲሸነፍ አንቺን ያምሻል እሱን ፈልጊ። ያንን ለማወቅ ደግሞ የድሮ ውድድሮችን የመጨረሻ አንድ ሰዓት ብቻ ቁጭ ብለሽ እያቸው።

ቪ12 ናፋቂ፦

በጆሮሽ ምረጪ እኔ የምለው እሱን ነው። አስቶን ማርቲን ቫልኪሪ፣ 6.5 ሊትር ቪ12 ማለትም ባለ 12 ሲሊንደር ሞተር፣ ሃይብሪድ የሚባል በኤሌክትሪክ የሚታገዝ ነገር የለውም። በ2025 ሌ ማን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ መጥቶ ሁለቱም መኪኖች ጨርሰዋል፣ ከፊት አልነበሩም አውቃለሁ፣ ግን ሌሊት ካሜራው ዛፎቹ መሀል ባዶ መንገድ እያሳየ መኪናው ገና ሳይታይ ድምፁ ሲመጣ፣ ሌሎቹን ሁሉ ትረሻቸዋለሽ። እሱ ካልጣመሽ ካዲላክ አለልሽ፣ 5.5 ሊትር ቪ8፣ እሱ ደግሞ ወፍራም ነው ድምፁ ደረት ላይ ነው የሚያርፍ፣ በ2025 የመነሻውን አንደኛና ሁለተኛ ቦታ የያዙት እነሱ ነበሩ።

መካኒኩ፦

ሁላችሁም ሃይፐርካር ብቻ ነው የምታወሩላት፣ ጀማሪን የሚያደክማት እኮ እሱ ነው። እህቴ ስሚኝ፣ እዚህ ውድድር ላይ ሦስት ምድብ ነው ያለው፣ ሃይፐርካር ለአንደኝነት የሚታገለው ፈጣኑ ነው፣ ኤልኤምፒ2 ከሱ ቀጥሎ ያለው የውድድር መኪና፣ ኤልኤምጂቲ3 ደግሞ ከመንገድ መኪና ተነስተው የተሠሩት ቀርፋፎቹ። ሦስት ውድድር አንድ መንገድ ላይ ነው ብለሽ አስቢው፣ ያኔ ማን ለቦታ እንደሚታገል ይገባሻል። ሃይፐርካር ላይ የመኪኖቹ ክብደትና ኃይል በውድድሩ ሕግ እየተስተካከለ ነው የሚሮጡት፣ አንዱ ፋብሪካ ብቻውን እንዳይሸሽ። በየዓመቱ በዚህ ጭቅጭቅ አይጠፋም፣ ለኔ አድካሚ ነው።

ኤልኤምፒ2 ግን ሁሉም አንድ ዓይነት መኪና ነው፣ ኦሬካ 07፣ ሞተሩም የሁሉም አንድ ነው፣ 4.2 ሊትር ጊብሰን ቪ8። እኔ መኪና ስጠግን የምውል ሰው ነኝና ይሄ ነው የሚማርከኝ፣ ልዩነቱ ያለው ሰዎቹ ላይ ነው። ጎማ ቀያሪው፣ ነዳጅ ቀጂው፣ መቼ ፒት እንግባ የሚለው ሰውዬ። አንዱ ፒት ላይ ሦስት ሰከንድ ቢያባክን ከ20 ሰዓት በኋላ ታገኛታለሽ ያቺን ሦስት ሰከንድ።

ከዛ ውስጥ የኔ ቡድን ኢንተር ዩሮፖል ነው፣ የፖላንድ ቡድን፣ አረንጓዴና ቢጫ። ስሙ የመጣው ከዳቦ መጋገሪያ ነው፣ የባለቤቱ ልጅ ያኩብ ሽሚየሆቭስኪ ራሱ መኪናዋን በተራ ከሚነዱት ሦስት ሹፌሮች አንዱ ሆኖ ነው ያሸነፈው። በ2023 ምን ሆነ መሰለሽ፣ ፋቢዮ ሼረር የሚባለው ሹፌራቸውን ፒት ላይ የሌላ ቡድን መኪና እግሩ ላይ ወጣበት፣ እግሩ ተሰበረ። ሌላ ሰው ቢሆን ውድድሩ እዛ ጋ ያልቃል። እሱ ግን በተሰበረው እግሩ ተራው በደረሰ ቁጥር ገብቶ እየነዳ ጨረሰ፣ ምድባቸውንም አሸነፉ። ከመኪናው ሲወርድ መርገጥ አቅቶት እየተደገፈ ነው የሚሄደው፣ ቪዲዮው አለ ፈልጊው። ቡድኑ በ2025ም ደግሞ አሸነፈ፣ 43 ቁጥር። ፌራሪና ፖርሸ በሚያወጡት ብር አይደለም እነዚህ ሰዎች እዛ የደረሱት።

ቀዩ ፈረስ፦

መካኒኩ ስለ ሼረር ያልከው ትክክል ነው፣ እሱን ማንም አይክደውም። ግን ለአንደኝነት የሚደረገውን ትግል ትታ ምድብ ውስጥ ብቻ እንድታይ አታድርጋት፣ ያቺን የ14 ሰከንድ ልዩነት ያየ ሰው ሃይፐርካር ያደክማል አይልም።

መካኒኩ፦

ትታ አላልኩም ወንድሜ። ከፊት የሚሆነውን ካሜራው ራሱ ያሳያታል ሳትፈልግም ታየዋለች። እኔ የምለው ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ከፊት ምንም ሳይሆን ሲቀር ዓይኗን የምታሳርፍበት አንድ መኪና ይኑራት ነው። ደግሞ ብራንድ አትምረጪ፣ አንድ ቁጥር ምረጪ። አንድ ቁጥር፣ ሦስት ስም። ሦስቱን ሹፌሮች በሄልሜታቸው መለየት ከጀመርሽ በኋላ የእያንዳንዱን መኪና ቦታና የዙር ሰዓት የሚያሳየው የሰዓቱ ሰሌዳ ላይ ያለው ቁጥር በሙሉ ትርጉም ይኖረዋል።

ጀማሪዋ፦

ትናንት ሌሊት የ2016ቱን የመጨረሻ ሰዓት አየሁት። የሚሆነውን አስቀድሜ እያወቅኩ እንኳን መኪናው ሲቆም እጄን አፌ ላይ ነው ያደረግኩት፣ የሌሊት ዙር እውነትህን ነው። ከዛ የሼረርን ቪዲዮ ፈለግኩ። መድረክ ላይ ሲወጣ ጓደኞቹ ይዘውት ነው፣ ፊቱ ላይ ሕመሙም ደስታውም አብሮ ይታያል።

ወሰንኩ። 43 ቁጥር፣ አረንጓዴና ቢጫው። ከፊት ከሚታገሉት ደግሞ ቶዮታ ያሸንፍልኝ ብያለሁ ግን ዋናው 43 ነው። አሁን አንድ ጥያቄ ብቻ፣ ሙሉውን 24 ሰዓት ሳልተኛ መቻሌን እጠራጠራለሁ፣ መቼ ብተኛ ይሻላል? ሌሊትስ እንዴት ነው መኪናዋን የምለያት?

የሌሊት ዙር፦

የመኪናው ቁጥር ሌሊት በመብራት ይበራል ጎኑ ላይ፣ አትጨነቂ፣ የሰዓቱን ሰሌዳ በስልክሽ ከፍተሽ ከጎንሽ አድርጊው። እንቅልፉን በተመለከተ አንድ ሹፌር በ6 ሰዓት ውስጥ ከ4 ሰዓት በላይ መንዳት አይፈቀድለትም፣ ስለዚህ መሪውን አሁን የያዘው ማን እንደሆነና መቼ እንደገባ አይተሽ ቀጥሎ ማን እንደሚገባ መገመት ትችያለሽ፣ በጣም የወደድሽው ሲወርድ ተኚ። ንጋቱን ግን እንዳታልፊው። ሰኔ ላይ እዛ ሌሊቱ አጭር ነው፣ ቶሎ ይነጋል፣ ሁሉም ደክሟቸው መኪናው በጎማ ፍርፋሪና በዘይት ጠቁሮ ፀሐይ ፊት ለፊት ዓይናቸው ውስጥ ስትገባ ነው ስህተት የሚበዛው። ሌሊቱን ሙሉ ይመሩ የነበሩ ቡድኖች እዛች ሰዓት ላይ ሲወድቁ ብዙ አይቻለሁ። አላርምሽን ለዛ ሙይው፣ 43 ያኔ ስንተኛ እንደሆነ እዚሁ ጻፊልን።