ደባል ተከራይ በውሉ ላይ ይፈርም ወይስ አይፈርም?

የመወያያው ጥያቄ፦ በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያውም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ደንግጓል። ቤት በጋራ ከሚከራዩ ሰዎች መካከል ግን ብዙውን ጊዜ የሚፈርመው አንዱ ብቻ ነው። ሌሎቹም መፈረም አለባቸው?

አንደኛ ተከራካሪ፦ መፈረም አለባቸው እላለሁ። ከደሴ ወይም ከሆሳዕና ለሥራ አዲስ አበባ የገባ ወጣት ዘመድ ከሌለው ብቻውን ቤት የመከራየት አቅም ስለማይኖረው፣ በቴሌግራም ላይ «ደባል እፈልጋለሁ» የሚል ማስታወቂያ አይቶ ወይም ደላላ መርቶት ከማያውቀው ሰው ጋር ይገባል። ገንዘቡን የሚሰጠው ለአከራዩ ሳይሆን ቀድሞ ለገባው ተከራይ ነው፤ ውሉን አያየውም፤ ግማሽ ነው የተባለው ኪራይ በእርግጥ ግማሽ ይሁን አይሁን የሚያረጋግጥበት መንገድም የለውም። ፈራሚው ወንድሙን ሊያመጣ ቢፈልግ «በዚህ ወር ልቀቅ» ይለዋል። አዋጁ ለተከራይ የሰጠው የሁለት ዓመት ዋስትና የደረሰው ለፈራሚው ብቻ ሲሆን፣ ከሁሉ ይልቅ ጥበቃ የሚያስፈልገው እንግዳ ሰው ደጅ ቀርቷል።

ሁለተኛ ተከራካሪ (አከራይ)፦ ወንድሜ፣ ያነሡት ችግር እውነት ነው፤ መፍትሔው ላይ ግን አልስማማም። ጀሞ የሚገኘውን ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየሜን ለአንድ ሰው አከራይቼ ጥቂት ወራት ሳይቆይ አራት ሰዎች ሲያድሩበት አገኘሁ። ውኃ በፈረቃ የሚመጣበት ሕንፃ ነውና በርሜሉ ለአራት ሰው አይበቃም፤ የጎረቤት ቅሬታም የሚመጣው ወደ እኔ ነው። ኪራዩን የምጠይቀው አንድ የታወቀ ሰው ሊኖር ይገባል። ሁሉም ይፈርሙ ከተባለ፣ ብዙ ባለቤቶች ሁለት ዓመት ከማያውቁት ሰው ጋር ላለመታሰር ደባል ማስገባትን በውል ይከለክላሉ፤ ያን ጊዜ የሚጎዳው እርስዎ የቆሙለት ያው ወጣት ነው።

ሦስተኛ ተከራካሪ፦ ሰሚት አካባቢ ሳሎኑን በመጋረጃ ከፍለን ከአንዲት እህት ጋር ኖሬአለሁ። ድርሻዬን ሁልጊዜ በባንክ ስለምልክላት የከፈልኩበት ማስረጃ ነበረኝ፤ ይሁንና ከቤቱ ስወጣ ማስረጃው የገንዘብ ዝውውር እንጂ የነዋሪነት ማረጋገጫ ሆኖ አላገለገለኝም። ለሴት ልጅ ስሟ በጽሑፍ መስፈሩ ከገንዘቡም በላይ ነው፤ የግቢው ጥበቃ ማታ «ማን ነሽ?» ሲላት የምትመልሰው ይኖራታል።

አራተኛ ተከራካሪ (የሕግ ባለሙያ)፦ መፈረም ዋጋ እንዳለው አንርሳ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1896 እንደሚደነግገው፣ የተለየ ስምምነት ከሌለ አብረው የተገደዱ ባለዕዳዎች በአንድነትና በነጠላ ኃላፊ ናቸው። ይህም ማለት ሁለት ደባሎች በአንድ ውል ላይ ፈርመው አንደኛው ቢጠፋ፣ አከራዩ ሙሉውን ኪራይ ከቀረው መጠየቅ ይችላል። ስለዚህ አከራዩ የፈሩት ነገር በእርግጥ የሚጠቅማቸው ሲሆን፣ አደጋው ያለው በተከራዩ ላይ ነው። ደባል ሊፈርም ከፈለገ የእያንዳንዱ ድርሻ በቁጥር ተለይቶ፣ ኃላፊነቱም በዚያው መጠን የተወሰነ መሆኑ በግልጽ ይጻፍ።

አንደኛ ተከራካሪ፦ ባለሙያው ያነሡትን ነጥብ ተቀብዬ ሐሳቤን አስተካክላለሁ። ለደባሉ ሙሉ የኪራይ ዕዳ ሳይሆን የታወቀ ነዋሪነትና የተወሰነ ድርሻ ነው የሚያስፈልገው። በሚመዘገበው ውል ውስጥ የነዋሪዎቹ ስም፣ የእያንዳንዱ ክፍያና ማንም ሌላውን ከማስወጣቱ በፊት የሚሰጠው የማስጠንቀቂያ ጊዜ ይስፈር። አከራዩ የነዋሪዎቹን ብዛት አስቀድመው ቢወስኑ አልቃወምም፤ የበርሜሉ ውኃ ጉዳይ ትክክለኛ ጉዳይ ነውና።

ሁለተኛ ተከራካሪ፦ ብዛቱ ከተወሰነና አንዱ ሲወጣ በምትኩ የሚገባውን ሰው ቀድሜ አይቼ የምስማማ ከሆነ እኔም እፈርማለሁ። ያለ እኔ ፈቃድ የሚገባን ግን አሁንም አልቀበልም።